ትልልቅ ፎልደሮችን ከአንዱ ድራይቭ ወደ ሌላው ማዛወር፦ ከምዘና እስከ ማጥፋት

በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ «ዚስ ፒሲ» ሲከፈት ከእያንዳንዱ ድራይቭ ስም ሥር አንድ ሰማያዊ መስመር ይታያል። መስመሩ ቦታው ምን ያህል እንደተያዘ ያሳያል፤ ባዶው ቦታ ከ10 በመቶ በታች ሲወርድ ደግሞ ወደ ቀይ ይለወጣል። በብዙ ቤት ቀድሞ የሚቀላው የ«ሲ» ድራይቭ ነው። ብዙ ላፕቶፖች ባለ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ይዘው ይሸጣሉ። ዊንዶውስ ራሱ፣ ፕሮግራሞቹ፣ ከስልክ የተገለበጡ ፎቶዎች፣ የሠርግና የክርስትና ቪዲዮዎች፣ በቴሌግራም የወረዱ ፊልሞች ሁሉ የሚከማቹት እዚያው ላይ ነው።

መፍትሔው የታወቀ ነው፤ አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዝቶ ከባዱን ፎልደር ወደዚያ ማሳለፍ። አብዛኛው ሰው ፎልደሩን «ከት» ያደርግና አዲሱ ዲስክ ላይ «ፔስት» ይላል። ሥራው ሳይቋረጥ ካለቀ ችግር አይኖርም። መሐል ላይ መብራት ከጠፋ፣ ገመዱ ከተነካ ወይም ላፕቶፑ በራሱ ጊዜ ከተኛ ግን የፎልደሩ ግማሽ እዚህ፣ ግማሽ እዚያ ሆኖ ይገኛል። የትኛው እንደተሻገረና የትኛው እንደቀረ መለየት ከማዛወሩ የባሰ ሥራ ይሆናል።

የዚህ መመሪያ መሠረት አንድ ሐሳብ ነው። ማዛወር የሚባለው ነገር በውስጡ ሁለት ሥራ አለው፦ መገልበጥና ማጥፋት። «ከት» ሁለቱን አያይዞ ይሠራቸዋል። ጠንቃቃ ተጠቃሚ ግን ሁለቱን ይለያያቸዋል፤ በመካከላቸውም ያጣራል።

ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚካሄደው ምንድን ነው?

አንድ ፎልደር በዚያው ድራይቭ ላይ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር፣ 100 ጊጋባይትም ቢሆን ሥራው በቅጽበት ያልቃል። ምክንያቱም ፋይሎቹ ካሉበት አይነሱም፤ ነዋሪው ከቤቱ ሳይወጣ የቤት ቁጥሩ ብቻ እንደተቀየረ ነው። ዊንዶውስ የሚያስተካክለው የፋይሎቹን መዝገብ ብቻ ነው።

ወደ ሌላ ድራይቭ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ፋይል ከመጀመሪያው ዲስክ ተነብቦ ሁለተኛው ላይ እንደ አዲስ ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ነባሩ የሚጠፋው። ሰዓት የሚፈጀውም፣ አደጋ የሚያስከትለውም ይህ ነው። በ«ከት» የተወሰደ ፋይል ወደ ሪሳይክል ቢን አይገባም። ስለዚህ አዲሱ ቅጂ የተበላሸ ሆኖ ቢገኝ ከቅርጫቱ የሚመለስ ነገር የለም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ብዙ የቤት ኮምፒውተሮች አንድ ሃርድ ዲስክ ብቻ እያላቸው በ«ሲ»፣ በ«ዲ» እና በ«ኢ» የተከፋፈሉ ናቸው። ከ«ሲ» ወደ «ዲ» ማዛወር ለ«ሲ» ቦታ ያስለቅቃል። ዲስኩ ሲበላሽ ግን ሁሉም ክፍሎች አብረው ስለሚሄዱ እንደ መጠባበቂያ ቅጂ አይቆጠርም። ዲስኩ የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነ ደግሞ አንዱ የማንበቢያ ክንድ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ሲመላለስ ሥራው በጣም ይዘገያል።

ደረጃ 1፦ የሚዛወረውንና የማይዛወረውን ይለዩ

በነጻነት ማዛወር የሚቻለው ተጠቃሚው ራሱ የፈጠራቸውን ወይም ያወረዳቸውን ነገሮች ነው፦ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ሙዚቃ፣ ጽሑፎች፣ የትምህርት ፋይሎች። «ዊንዶውስ»፣ «ፕሮግራም ፋይልስ»፣ «ፕሮግራም ዳታ» እና «አፕ ዳታ» የሚባሉት ፎልደሮች ግን በእጅ አይነኩም። አንድ ፕሮግራም ሲጫን አድራሻው በዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ በብዙ ቦታ ይጻፋል። ፎልደሩ ብቻ ተነሥቶ ሌላ ድራይቭ ላይ ቢቀመጥ ፕሮግራሙ አይከፈትም። ፕሮግራሙን ወደ ሌላ ድራይቭ ለመውሰድ አስተማማኙ መንገድ ከነበረበት አራግፎ በአዲሱ ቦታ እንደገና መጫን ነው። በስቲም የሚጫወቱ ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ ጌሙን በስቲም ሴቲንግስ ውስጥ «ስቶሬጅ» በሚለው ክፍል በኩል ማዛወር ይችላል።

ብዙ ቦታ የሚበላ፣ ግን ሰው የሚረሳው አንድ ፎልደር አለ። የኮምፒውተሩ ቴሌግራም የሚያወርደውን ሁሉ «ዳውንሎድስ» ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚባል ፎልደር ያስቀምጣል። ፊልምና ተከታታይ ድራማ በቴሌግራም በሚያወርድ ቤት ይህ ፎልደር በአሥር ጊጋባይቶች የሚቆጠር ሊሆን ይችላል። ወደፊት የሚወርደው በቀጥታ ሌላ ድራይቭ ላይ እንዲቀመጥ በቴሌግራም ሴቲንግስ «አድቫንስድ» ውስጥ የማውረጃውን አድራሻ መቀየር ይቻላል።

«ዶክመንትስ»፣ «ፒክቸርስ»፣ «ቪዲዮስ»፣ «ሚዩዚክ» እና «ዳውንሎድስ» የራሳቸው መንገድ አላቸው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሁለተኛ ድራይቭ ካለ፣ በፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያም «ሎኬሽን»፣ ከዚያም «ሙቭ» ይበሉ። በ«ዲ» ላይ በዚያው ስም አዲስ ፎልደር ከፍተው እሱን ይምረጡ። ድራይቩን ራሱን፣ ማለትም ባዶውን «ዲ» አይምረጡ፤ እንዲያ ከሆነ መላው ድራይቭ «ዶክመንትስ» ሆኖ ይቆጠርና ወደ ነበረበት መመለስ ያስቸግራል። በየጊዜው የሚነቀል ኤክስተርናልም ለዚህ አይሆንም፤ ዲስኩ በተነቀለ ቁጥር ዊንዶውስ ፎልደሩን ያጣዋል።

ዊንዶውስ ነባሮቹ ፋይሎች አብረው ይዛወሩ እንደሆነ ሲጠይቅ «የስ» ማለት ይሻላል፤ ከዚያ በፊት ግን ቅጂያቸው ኤክስተርናል ላይ መኖር አለበት። ይህ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ማይክሮሶፍት ያወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ፋይሎች አጠፋ። ከተጎዱት መካከል ፎልደራቸውን ወደ ሌላ ድራይቭ ያዞሩ፣ ነገር ግን በነባሩ ቦታ ፋይል የቀረባቸው ሰዎች ነበሩ። ማሻሻያው ነባሩን ፎልደር ባዶና ትርፍ አድርጎ ቆጥሮ ከነይዘቱ ሰረዘው። ማይክሮሶፍት ስርጭቱን በቀናት ውስጥ አቁሞ፣ ስሕተቱን አርሞ በኖቬምበር እንደገና ለቀቀው። ፎልደር ከዞረ በኋላ ነባሩን ቦታ ከፍቶ የቀረ ነገር እንዳለ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ዋንድራይቭ የሚጠቀሙ ሰዎች ሁለት ተጨማሪ ነገር ይወቁ። አጠገባቸው የደመና ምልክት ያላቸው ፋይሎች ኮምፒውተሩ ላይ የሉም፤ ለመገልበጥ ሲሞከር ከኢንተርኔት መውረድ ይጀምራሉ፣ የዳታ ፓኬጅንም ይበላሉ። ከዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ የተሰረዘ ፋይል ደግሞ ከኢንተርኔቱ ማከማቻና አብረው ከተያያዙ ሌሎች ኮምፒውተሮችም ይሰረዛል።

ደረጃ 2፦ ይመዝኑ

በሚዛወረው ፎልደር ላይ ራይት ክሊክ አድርገው «ፕሮፐርቲስ» ይክፈቱ። ሦስት ቁጥሮችን ወረቀት ላይ ይጻፉ፦ መጠኑን በባይት፣ የፋይሎቹን ብዛት፣ የንዑስ ፎልደሮቹን ብዛት። መጠኑ በሁለት መስመር ይታያል። መያዝ ያለበት «ሳይዝ» የሚለው ነው፤ «ሳይዝ ኦን ዲስክ» የሚለው እንደ ዲስኩ አፎራመት ስለሚለያይ ለማነጻጸር አያገለግልም። እነዚህ ቁጥሮች በኋላ ለማጣራት ያስፈልጋሉ።

ለምሳሌ አንድ ቤተሰብ 140 ጊጋባይት የሚመዝን ፎልደር አለው እንበል። በውስጡ የሠርግ ቪዲዮ፣ የልጆቹ የልደት ፎቶዎች፣ የትምህርት ማስረጃዎች ስካን ቅጂዎችና ብዙ ትንንሽ ፋይሎች አሉ። መድረሻው አዲስ ባለ 2 ቴራባይት ኤክስተርናል ነው። ዲስኩ ሲሰካ ዊንዶውስ የሚያሳየው 2 ቴራ ሳይሆን ወደ 1.81 ቴራ ነው። ይህ ጉድለት ወይም ማጭበርበር አይደለም። ፋብሪካው አንድ ቴራባይትን አንድ ትሪሊዮን ባይት አድርጎ ሲቆጥር፣ ዊንዶውስ ግን በ1024 እያካፈለ ስለሚቆጥር ነው። በዚያው ስሌት ባለ 1 ቴራ ዲስክ 931 ጊጋባይት ሆኖ ይታያል።

መድረሻው እስከ አፉ መሞላት የለበትም፤ ከገለበጡ በኋላ ቢያንስ ከአሥር አንድ እጅ ባዶ ቢቀር ይመረጣል። በዚህ አጋጣሚ የማይፈለገውን ማስወገድ ሥራውን ያቀለዋል፤ ሁለት ጊዜ የወረደ ፊልም አብሮ መጓዝ የለበትም።

ደረጃ 3፦ መድረሻውን ይመርምሩ

በመጀመሪያ የዲስኩ አፎራመት ይታያል። በድራይቩ ላይ ራይት ክሊክ ተደርጎ «ፕሮፐርቲስ» ሲከፈት «ፋይል ሲስተም» ከሚለው ፊት ለፊት «ፋት 32»፣ «ኤክስ ፋት» ወይም «ኤንቲኤፍኤስ» የሚል ይገኛል። ፋት 32 አንድን ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም። ዲስኩ ላይ ብዙ መቶ ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያለ የሠርጉ ቪዲዮ «ፋይሉ ለመድረሻው በጣም ትልቅ ነው» በሚል መልእክት የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ኤንቲኤፍኤስ እ.ኤ.አ. በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር የመጣ ሲሆን፣ በዲስኩ ላይ የሚያደርጋቸውን ለውጦች በመዝገብ ይይዛል። መብራት በድንገት ሲጠፋ የዲስኩ አደረጃጀት በቀላሉ የማይናጋው በዚህ መዝገብ ምክንያት ነው። ኤክስ ፋት እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሲሆን ይህ መዝገብ የለውም፤ በምትኩ ዊንዶውስም ማክም አንብበው ይጽፉበታል። ማክ ኤንቲኤፍኤስን ማንበብ እንጂ በራሱ መጻፍ አይችልም። ስለዚህ ምርጫው ግልጽ ነው፦ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚኖርና ዊንዶውስ ብቻ ለሚጠቀም ቤት ኤንቲኤፍኤስ፣ ዊንዶውስና ማክ ለሚፈራረቁበት ዲስክ ኤክስ ፋት። ፎርማት ማድረግ በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ እንደሚሰርዝ አይዘንጉ፤ ባዶ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይጀምሩ።

ቀጥሎ የዲስኩ እውነተኛነት ይፈተናል። በገበያ ላይ 1 ወይም 2 ቴራባይት ተብለው በጣም በርካሽ የሚሸጡ ፍላሾች አሉ። አንዳንዶቹ በውስጣቸው ያለው ከተጻፈባቸው እጅግ ያነሰ ነው፤ መቆጣጠሪያቸው ለኮምፒውተሩ የሐሰት ቁጥር እንዲናገር ተደርጓል። ፋይሎቹ የተገለበጡ ይመስላሉ፣ ስማቸውም ይታያል፤ ሲከፈቱ ግን ባዶ ናቸው። የጀርመኑ የኮምፒውተር መጽሔት አሳታሚ ሃይዘ በነጻ የሚያቀርበው «ኤች ቱ ቴስት ደብሊው» የሚባል ፕሮግራም ዲስኩን በሙከራ ፋይሎች ሞልቶ መልሶ በማንበብ ትክክለኛውን መጠን ያሳያል። ለትልቅ ዲስክ ሰዓታት ይወስዳል፤ ምንጩ ያልታወቀ ፍላሽ ከሆነ ግን መዝለል አይገባም።

ብዙ እጅ የተዘዋወረ ፍላሽ ሲሰካ ደግሞ ቫይረስ ይጠበቃል። በኢንተርኔት ቤቶችና በማተሚያ ቤቶች በሰፊው የሚታወቀው፣ ፎልደሮችን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት የሚተክለው ነው። የፎልደሩ ምልክት ላይ ትንሽ ቀስት ከታየ ክሊክ አያድርጉ፤ መጀመሪያ ፍላሹን በአንቲቫይረስ ይፈትሹ። እውነተኞቹ ፎልደሮች ብዙውን ጊዜ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም። ስለዚህ ሰው ደንግጦ ፍላሹን ፎርማት ሲያደርግ ቫይረሱ ያላጠፋውን ራሱ ያጠፋዋል።

ደረጃ 4፦ ሰዓቱን ያስሉ

ፍጥነቱን የሚወስነው በመንገዱ ላይ ካሉት ሁሉ ቀርፋፋው ነው። ዩኤስቢ 2.0 እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሲሆን በተግባር በሴኮንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ያሳልፋል። በ2008 የመጣው ዩኤስቢ 3.0 በወረቀት ላይ ከዚያ ከአሥር እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ከእሱ ጋር የተሰካ የሚሽከረከር ኤክስተርናል ግን ዲስኩ ራሱ ስለሚገድበው በሴኮንድ 110 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ይቆያል። ኤክስተርናል ኤስኤስዲ በዚያው መስመር 400 ሜጋባይት ገደማ ሊደርስ ይችላል።

እነዚህን ቁጥሮች ወደ 140 ጊጋባይቱ ፎልደር ስናመጣቸው፣ በዩኤስቢ 2.0 ከአንድ ሰዓት በላይ፣ በዩኤስቢ 3.0 ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ 21 ደቂቃ ያህል፣ በኤስኤስዲ ደግሞ 6 ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። በብዙ ኮምፒውተሮች የዩኤስቢ 3.0 መሰኪያ ውስጡ ሰማያዊ ነው። ፈጣን ዲስክ ገዝቶ ጥቁሩ መሰኪያ ላይ የሰካ ሰው ሰዓቱን በከንቱ ሊያባክን ይችላል፤ ዲስኩ አብሮት የመጣውን ገመድ ትቶ በአሮጌ ገመድ ያገናኘም እንዲሁ።

ስሌቱ የሚሠራው ለትልልቅ ፋይሎች ነው። 20 ጊጋባይት የሚመዝን አንድ ቪዲዮ ቶሎ ያልፋል። 20 ጊጋባይት የሚመዝኑ አንድ መቶ ሺህ ትንንሽ ፋይሎች ግን እያንዳንዳቸው መከፈት፣ መመዝገብና መዘጋት ስላለባቸው ብዙ እጥፍ ጊዜ ይወስዳሉ። እንዲህ ያለውን ፎልደር አስቀድሞ ዚፕ አድርጎ አንድ ፋይል በማድረግ መገልበጥ ያቀለዋል። ለዚፑ ራሱ በምንጩ ዲስክ ላይ ቦታ እንደሚያስፈልግ ግን አይርሱ፤ የተጨናነቀ «ሲ» ላይ የማይሆን ነገር ነው። ዚፑን በቀጥታ መድረሻው ላይ የሚፈጥሩ እንደ «ሰቨን ዚፕ» ያሉ ፕሮግራሞች በዚህ ጊዜ ይረዳሉ።

ሥራው በፍጥነት ጀምሮ መሐል ላይ ሲዘገይ ብዙዎች ዲስኩ የተበላሸ ይመስላቸዋል። ርካሽ ኤስኤስዲዎችና ፍላሾች ፈጣን የሆነ ጥቂት መቀበያ ቦታ አላቸው፤ እሱ ሲሞላ ፍጥነታቸው በአንዴ ይወርዳል። ነቅሎ እንደገና ከመሰካት ይልቅ እስኪጨርስ መታገሥ ነው።

ደረጃ 5፦ ኮምፒውተሩን ያሰናዱ

ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ፣ ቻርጀሩም ይሰካ። በዴስክቶፕ የሚሠራ ሰው ዩፒኤስ ከሌለው ፎልደሩን ከፋፍሎ ቢገለብጥ ይሻለዋል፤ መብራት ሲጠፋ የሚቋረጠው አንዱ ክፍል ብቻ ይሆናል። በሴቲንግስ «ሲስተም» ከዚያም «ፓወር» ውስጥ ኮምፒውተሩ ወደ እንቅልፍ የሚገባበትን ጊዜ «ኔቨር» ያድርጉት፤ ሥራው ሲያልቅ ወደነበረበት ይመልሱት። የላፕቶፑን ክዳን አይዝጉ። የሚገለበጡትን ፋይሎች የከፈቱ ፕሮግራሞችን ሁሉ ይዝጉ፤ የተከፈተ ፋይል በትክክል ላይገለበጥ ይችላል። ኤክስተርናሉ ገመዱ በማይጎተትበት ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይቀመጥ። የሚሽከረከር ዲስክ በሥራ ላይ እያለ መውደቅ ቀርቶ መነቃነቅ እንኳ ሊጎዳው ይችላል።

ደረጃ 6፦ ይገልብጡ

ፎልደሩን መርጠው «ኮንትሮል» እና «ሲ»፣ መድረሻው ላይ ደግሞ «ኮንትሮል» እና «ቪ» ይጫኑ። በ«ኤክስ» አይጀምሩ። በማውስ ለሚጎትቱ ሰዎች፣ ዊንዶውስ በዚያው ድራይቭ ውስጥ ሲጎተት ያዛውራል፤ ወደ ሌላ ድራይቭ ሲጎተት ግን ይገለብጣል። ጥርጣሬ ካለ በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ጎትተው ሲለቁ ምርጫው ተዘርዝሮ ይመጣል።

በመሐል «ሪፕሌስ» ወይም «ስኪፕ» የሚል ጥያቄ ከመጣ መድረሻው ላይ ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል አለ ማለት ነው። ከተለያዩ ስልኮችና ካሜራዎች የመጡ ፎቶዎች አንድ ዓይነት ስም ሊኖራቸው ስለሚችል፣ ሳያዩ «ሪፕሌስ ኦል» ማለት አንዱን ፎቶ በሌላው ይደመስሳል። ይህን ለማስቀረት ቀላሉ መንገድ መድረሻው ላይ አዲስና ባዶ ፎልደር ከፍቶ እዚያ ውስጥ መገልበጥ ነው። «ስሙ ረዝሟል» የሚል ስሕተት ከታየ ደግሞ ጉዳዩ የ260 ፊደል ገደብ ነው፤ የድራይቩ፣ የፎልደሮቹና የፋይሉ ስም ተደምሮ ከዚያ ሲበልጥ ዊንዶውስ ይቸገራል። የላይኛዎቹን ፎልደሮች ስም ማሳጠር ይፈታዋል።

ለብዙ መቶ ጊጋባይት የሚመረጠው መሣሪያ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ በሲስተሙ ውስጥ ያለው «ሮቦኮፒ» ነው። የሚሠራው በትእዛዝ መስኮት ሲሆን፣ የትእዛዙን ስም፣ የምንጩን አድራሻ፣ ቀጥሎ የመድረሻውን አድራሻ መጻፍ ነው። ስሙ ውስጥ ክፍተት ያለው አድራሻ በጥቅስ ምልክት ይታጠራል። ሮቦኮፒ የሚገለብጠው የፎልደሩን ይዘት እንጂ ፎልደሩን ራሱን ስላልሆነ በመድረሻው አድራሻ ላይ የፎልደሩ ስም መጨመር አለበት። «ስላሽ ኢ» ንዑስ ፎልደሮችን ባዶዎቹን ጨምሮ ያካትታል፤ «ስላሽ ዚ» የተቋረጠ ትልቅ ፋይል ካቆመበት እንዲቀጥል ያደርጋል።

ሁለት ምልክቶች በተለይ ይጻፉ፦ «ስላሽ አር» እና «ስላሽ ደብሊው»። ሮቦኮፒ አንድ ፋይል አልነበብ ሲለው በልማዱ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል፤ በየሙከራው መካከልም 30 ሴኮንድ ይጠብቃል። ያ ሲሰላ በአንድ ፋይል ላይ 347 ቀን መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን 2፣ ሁለተኛውን 5 ማድረግ ይበቃል። ዋናው ጥቅሙ ግን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ያንኑ ትእዛዝ ደግሞ መስጠት መቻሉ ነው፤ የተገለበጡትን አልፎ የቀሩትን ብቻ ይወስዳል። «ሚር» የሚባለውን ምልክት ግን ያልተለማመደ ሰው ይተወው፤ ምንጩ ላይ የሌለውን ሁሉ ከመድረሻው ላይ ይሰርዛል።

የትእዛዝ መስኮት የማይመቸው ሰው «ቴራኮፒ» የሚባለውን መጠቀም ይችላል። ለቤት አገልግሎት ነጻ ነው፤ ያልተገለበጡ ፋይሎችን ለይቶ ይዘረዝራል፣ ሲጨርስም ምንጩንና ቅጂውን እንዲያነጻጽር ማዘዝ ይቻላል።

ደረጃ 7፦ ያጣሩ

መገልበጡ ማለቁ በትክክል ለመገልበጡ ማስረጃ አይሆንም። መጀመሪያ የአዲሱን ፎልደር «ፕሮፐርቲስ» ከፍተው ወረቀቱ ላይ ከጻፏቸው ሦስት ቁጥሮች ጋር ያስተያዩ። የባይቱ መጠን እስከ መጨረሻው አኃዝ መግጠም አለበት። ካልገጠመ ወደ ንዑስ ፎልደሮቹ ወርደው አንድ በአንድ በማነጻጸር የጎደለውን ያግኙ።

ቁጥሩ ገጥሞም ይዘቱ ሊበላሽ ስለሚችል ቀጥሎ ፋይሎቹ ይከፈታሉ። ከረጅሞቹ ቪዲዮዎች መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን መሐሉንና መጨረሻውን ይመልከቱ። ከፎቶዎቹ ከየዓመቱ ጥቂቶቹን ይክፈቱ። ዚፕ ከሆነ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን «ቴስት» ይጠቀሙ። ይህን ሲያደርጉ ኤክስተርናሉን አንድ ጊዜ በሥርዓቱ አስወግደው እንደገና ከሰኩ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ አለዚያ ኮምፒውተሩ በጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው የያዘውን ሊያሳይ ይችላል።

ሙሉ እርግጠኝነት የሚገኘው በ«ሃሽ» ነው። ሃሽ ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ አሻራ ሲሆን፣ በፋይሉ ውስጥ አንድ ባይት ቢለወጥ አሻራው ፈጽሞ ይለያል። ቴራኮፒ የሚያጣራው በዚሁ መንገድ ነው። «ፍሪ ፋይል ሲንክ» የተባለው ነጻ ፕሮግራም ደግሞ ሁለት ፎልደሮችን በይዘት እያነጻጸረ የተለያዩትን ለይቶ ያሳያል። ለ140 ጊጋባይት ይህ ከመገልበጡ የማያንስ ሰዓት ይወስዳል። ማታ ተጀምሮ ለጠዋት ሊደርስ የሚችል ሥራ ስለሆነ፣ ዳግም ለማይገኙ ፋይሎች መደረግ አለበት።

ደረጃ 8፦ ነባሩን ያጥፉ

ከተጣራ በኋላም አይቸኩሉ። የነባሩን ፎልደር ስም «የሚጠፋ» ብለው ይቀይሩትና አንድ ሳምንት ያህል ከአዲሱ ቅጂ ይሥሩ። ስሙ በመቀየሩ አድራሻውን የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ካሉ ወዲያው ስሕተት ያሳያሉ፤ ፎልደሩ ገና ስላልጠፋ ስሙን መልሶ ማስተካከል ይቻላል።

ሳምንቱ ያለችግር ካለፈ ይሰርዙት። ቦታው ወዲያው ካልተለቀቀ ፋይሎቹ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ስላሉ ነው፤ ቅርጫቱ ሲራገፍ ይለቀቃል። ፎልደሩ ለቅርጫቱ በጣም ትልቅ ከሆነ ዊንዶውስ በቀጥታ ልሰርዘው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከኤስኤስዲ ላይ የተሰረዘ ነገር መልሶ የማግኘት ዕድል እጅግ ጠባብ መሆኑን እዚህ ላይ ያስታውሱ። «ትሪም» የተባለው አሠራር ለዲስኩ የትኛው ቦታ እንደተለቀቀ ይነግረዋል፤ ዲስኩም ያንን ቦታ በራሱ ጊዜ ያጸዳዋል። በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ የሚሠሩት የማስመለሻ ፕሮግራሞች እዚህ ብዙም አይረዱም።

ኤክስተርናሉን ሲነቅሉ በተግባር አሞሌው ላይ ካለው የዩኤስቢ ምልክት «ኢጀክት» ብለው ፈቃዱን ይጠብቁ። ከ2018ቱ የዊንዶውስ 10 እትም ወዲህ ነባሪው አሠራር ቶሎ ለመንቀል የተመቸ ቢሆንም፣ ገና እየተጻፈ ያለ ፋይል ካለ በድንገት መንቀል ያበላሸዋል።

ማክ ለሚጠቀሙ

አካሄዱ ያው ነው፣ ቁልፎቹ ይለያሉ። ፋይንደር ውስጥ ፎልደርን ወደ ሌላ ዲስክ መጎተት ይገለብጠዋል እንጂ አያዛውረውም፤ «ኮማንድ» ተይዞ ሲጎተት ነው የሚያዛውረው። መጠኑንና ብዛቱን ለማየት «ኮማንድ» እና «አይ» ይጫናል። የሮቦኮፒን ቦታ የሚይዘው «አርሲንክ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአንድሩ ትሪጅልና በፖል ማከራስ የቀረበው ይህ መሣሪያ በሊኑክስም በማክም ይሠራል፤ ከተቋረጠ በኋላ ሲደገም የተሻገሩትን አልፎ የቀሩትን ብቻ ይወስዳል።

ሁለተኛው ቅጂ

ነባሩ ከጠፋ በኋላ ፎልደሩ እንደገና አንድ ቅጂ ብቻ ሆኗል፤ ያውም በኪስ በሚዞር ዲስክ ላይ። እ.ኤ.አ. በ1998 በፒክሳር ስቱዲዮ «ቶይ ስቶሪ 2» እየተሠራ ሳለ በስሕተት በተሰጠ የመሰረዣ ትእዛዝ የፊልሙ አብዛኛው ክፍል ከኮምፒውተሮቹ ጠፋ። መጠባበቂያው ሲታይ በትክክል ሲሠራ እንዳልቆየ ታወቀ። ሥራውን ያዳነው የቴክኒክ ኃላፊዋ ጌሊን ሱስማን ልጅ ወልዳ ከቤቷ ትሠራ ስለነበር እቤቷ የነበረው ቅጂ ነው። ያን ያህል ባለሙያና ገንዘብ ባለው ስቱዲዮ የደረሰው ነገር በአንድ ቤተሰብ የፎቶ ፎልደር ላይ የማይደርስበት ምክንያት የለም።

ለሁሉም ፋይል ሁለት ዲስክ መግዛት አያስፈልግም። ፊልምና ጌም ከጠፉ መልሰው ይወርዳሉ። የቤተሰቡ ፎቶ፣ የሠርጉ ቪዲዮና የማስረጃዎቹ ስካን ቅጂ ግን በሁለተኛ ዲስክ ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ይቀመጡ። ዲስክ ከሆነ ከኮምፒውተሩ ጋር በአንድ ቦርሳ አይዋል፤ እህት ወይም ወንድም ቤት ቢቀመጥ ስርቆትም ሆነ እሳት ሁለቱን አንድ ላይ አያገኛቸውም። ከመሰረዝዎ በፊት እነዚህን ፎልደሮች ለይተው ሁለተኛ ቦታ ላይ ይገልብጧቸው፤ ዲስኩ ላይም ቀኑንና በውስጡ ያለውን የሚገልጽ ወረቀት ይለጥፉበት።